የተከለሉና ያልተከለሉ ተራሮች፦ በደቡብ ወሎ የዕፅዋት ልዩነት ከየት እንደሚመጣ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በቃሉ ወረዳ በኩል ወደ ሐርቡ ለሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታዩት ተራሮች አንድ ዓይነት ገጽታ የላቸውም። አንዱ በክትክታ፣ በግራርና በወይራ ተሸፍኖ ሲታይ ከአጠገቡ ያለው ድንጋዩ አግጥጦ፣ እዚህም እዚያም ከቀሩ ቁጥቋጦዎች በስተቀር ባዶውን ይገኛል። ስለዚህ ልዩነት የአካባቢው ነዋሪም የግብርና ባለሙያውም የሚሰጡት ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው፤ የመጀመሪያው "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ" ተደርጎ ተከልሏል፣ ሁለተኛው አልተከለለም። ማብራሪያው ከእውነት የራቀ አይደለም። የሚያከራክረው መጠኑ ነው፤ ማለትም በተራሮቹ መካከል ካለው የዕፅዋት ልዩነት ክለላው የሚያብራራው ምን ያህሉን ነው፣ ከፍታው፣ ተዳፋቱ፣ የአፈሩ ጥልቀትና የመንደሩ ቅርበትስ ምን ያህሉን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ በስታቲስቲክስ ዘዴው ምርጫ ብቻ በእጥፍ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ተራሮቹ ሁሉ የተከለሉት በአንድ ጊዜ ባይሆንም ሰፊው ሥራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው የምግብ ለሥራ ዘመቻ ነው። ገበሬው በየገበሬ ማኅበሩ ተደራጅቶ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፣ ለሥራውም እህልና ዘይት ተቀበለ፤ ተራራውም ለግጦሽና ለማገዶ እንዳይነካ ተከለከለ። ውሳኔው ከላይ የወረደ ስለነበረ ብዙው ገበሬ የተከለለውን ተራራ የሚያየው እንደ መንግሥት ንብረት ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1991) የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ በበርካታ ቦታዎች ዛፉ ተቆረጠ፣ ከብቱም ተመልሶ ገባ። በሌሎች ቦታዎች ግን ማኅበረሰቡ ክለላውን አስቀጥሎ ሣሩን በማጨድ ብቻ መጠቀሙን ቀጠለ። ለትንተናው ወሳኝ የሆነው ግን የክለላው ታሪክ ሳይሆን የቦታው አመራረጥ ነው። የሚከለለው በአብዛኛው ለእርሻ የማይሆነው፣ ቀጥ ያለው፣ አፈሩ የታጠበው ተራራ ነበር። ስለዚህ የተከለለውን ካልተከለለው ጋር የሚያነጻጽር ሰው በዕጣ የተደለደለ ሙከራ በእጁ የለም፤ በእጁ ያለው አንድ ተራራ ለምን እንደ ተመረጠ የሚናገሩ ምክንያቶችና ክለላው ያስከተለው ውጤት ተቀላቅለው የሚገኙበት መረጃ ነው።

በአካባቢው ላይ የተደረጉ ቀደምት ጥናቶችም ጥንቃቄ እንድናደርግ ያስገድዳሉ። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት በቃሉ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች አማካኝነት አነጻጽረው ደንና ቁጥቋጦ መቀነሱን፣ ክፍት መሬትና መንደር መጨመሩን አሳይተዋል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ ከተነሡት ጋር አስተያይተው፣ በብዙ ቦታ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ እንዳልተገኘ፣ ለዚህም ገበሬው በየደጁ የሚተክለው ባሕር ዛፍ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመልክተዋል። ሁለቱን እርስ በርስ የሚቃረኑ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም፤ በእኔ አስተያየት ግን የለኩት ነገር የተለያየ ነው። አንዱ የተፈጥሮ ሽፋን የያዘውን ስፋት ለካ፣ ሌላው በዓይን የሚታየውን ዛፍ ተመለከተ፤ ወይራ ጠፍቶ ባሕር ዛፍ ቢተካበት በመጀመሪያው መለኪያ ጉዳት፣ በሁለተኛው ልማት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የኛ ጉዳይ መነሻ "ዛፉ ስንት ነው" የሚለው ሳይሆን "የትኛው ዝርያ የት፣ በምን ያህል ብዛት ይገኛል" የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን የሚመልሰው መረጃ የሰንጠረዥ መልክ አለው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የናሙና ቦታ ወይም ፕሎት ነው፤ ለእንጨታማ ዕፅዋት 20 በ20 ሜትር የሆነ ካሬ የተለመደ ሲሆን ለሣርና ለቅጠላ ቅጠል በውስጡ ትንንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ዝርያ ነው፤ ክትክታ፣ ወይራ፣ አጋም፣ ደደሆ፣ ግራር፣ ጥድ እያለ ይቀጥላል። ከጎኑ ደግሞ ገላጭ ተለዋዋጮቹን የያዘ ሁለተኛ ሰንጠረዥ አለ፤ ከፍታ፣ ተዳፋት፣ ተራራው ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ፣ የአፈር ጥልቀት፣ የድንጋይ ሽፋን፣ ከመንደርና ከመንገድ ያለው ርቀት፣ ክለላው ያለበት ሁኔታና ዕድሜው። ቅኝቱ ክረምቱ እንዳለፈ በመስከረምና በጥቅምት ቢደረግ ሣሩ አብቦ ስለሚገኝ ዝርያውን ለመለየት ይቀላል፤ በበጋ የተመዘገበን ፕሎት ከጥቅምቱ ጋር ቀላቅሎ መተንተን ግን የወቅትን ልዩነት የቦታ ልዩነት አድርጎ እንደ መቁጠር ነው።

የዝርያው ሰንጠረዥ አብዛኛው ዜሮ ነው፤ የመጀመሪያው ቴክኒካዊ ችግር የሚመጣውም ከዚህ ነው። በአንዱ ፕሎት ክትክታ ብቻ፣ በሌላው አጋም ብቻ ተገኘ እንበል። በሁለቱም ዝግባ፣ ጥድና ወይራ የሉም። ሁለት ፕሎቶች በዝርያቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚለካው ተራው የርቀት ስሌት እነዚህን የጋራ ዜሮዎች እንደ መመሳሰል ስለሚቆጥራቸው፣ አንድም የጋራ ዝርያ የሌላቸውን ሁለት ባዶ ተራሮች አንድ ዓይነት ዝርያ በተለያየ ብዛት ከያዙ ሁለት ደኖች ይልቅ ተቀራራቢ ያደርጋቸዋል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ በሰፊው የሚሠራበት፣ ሌዠንድርና ጋላገር እ.ኤ.አ. በ2001 ለዚህ ሥራ እንዲውል ያቀረቡት የሄሊንገር ለውጥ ነው፤ የእያንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ለፕሎቱ ጠቅላላ ቁጥር ይካፈላል፣ ከዚያም ካሬ ሥሩ ይወሰዳል። ለውጡ ጠቃሚ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህንንም ብዙ ጽሑፎች ሳያነሡት ያልፋሉ። ለጠቅላላ ቁጥር ማካፈል ማለት ጠቅላላ ቁጥሩን ከመረጃው ማውጣት ማለት ነው። ክለላው የዝርያዎቹን ስብጥር ሳይቀይር ሁሉንም በሦስት እጥፍ ቢያበዛቸው ከሄሊንገር ለውጥ በኋላ ምንም ልዩነት አይታይም። በወሎ ተራሮች ደግሞ የክለላው የመጀመሪያ ውጤት የሚጠበቀው በብዛቱ ላይ ነው፤ ፍየል የማይወደው ክትክታ በክፍቱም በተከለለውም ተራራ ይበቅላልና። ስለዚህ የጠቅላላ ብዛት ትንተና ለብቻው፣ የስብጥሩ ትንተና ለብቻው ሊሠራ ይገባል እንጂ አንዱ በሌላው ሊተካ አይችልም።

ስብጥሩን ከገላጭ ተለዋዋጮች ጋር ለማያያዝ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው በአጭሩ አርዲኤ የሚባለው የሪደንደንሲ ትንተና ሲሆን በመሠረቱ ለብዙ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሪግሬሽን፣ ማለትም የዝርያዎቹን ብዛት ከገላጭ ተለዋዋጮች የሚተነብይ ስሌት ነው። ሁለተኛው ቴር ብራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቁትና በአጭሩ ሲሲኤ የሚባለው የካኖኒካል ኮረስፖንደንስ ትንተና ሲሆን አንድ ዝርያ በአንድ የከፍታ ደረጃ በዝቶ ከዚያ በላይና ከዚያ በታች እየቀነሰ እንደሚሄድ ታሳቢ ያደርጋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ቅኝቱ ከወይና ደጋው እስከ ደጋው የሚዘልቅ ከሆነ ሁለተኛው ይስማማዋል። በአንድ የከፍታ ቀበቶ ውስጥ ከተወሰነ ግን በሄሊንገር የተለወጠ መረጃና አርዲኤ በቂ ነው፤ እኔም የክለላው ጥያቄ ዋና እስከ ሆነ ድረስ በአንድ ቀበቶ መወሰኑን እመርጣለሁ፤ ከፍታው ሰፋ ባለ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ይውጠዋልና።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። ቦርካር፣ ሌዠንድርና ድራፖ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ልዩነትን የመከፋፈል ዘዴ ሦስት ሞዴሎችን ይጠይቃል፤ አንዱ ክለላውን ብቻ፣ አንዱ የመሬቱን ሁኔታ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም የያዘ። ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ምናባዊ ቁጥር እንውሰድ። ክለላው ብቻውን ሲገባ የልዩነቱን 0.18፣ የመሬቱ ሁኔታ ብቻውን ሲገባ 0.30፣ ሁለቱ አብረው ሲገቡ 0.36 አብራሩ እንበል። የክለላው የግል ድርሻ 0.36 ሲቀነስ 0.30፣ ማለትም 0.06 ነው። የመሬቱ ሁኔታ የግል ድርሻ 0.36 ሲቀነስ 0.18፣ ማለትም 0.18 ነው። ቀሪው 0.12 የጋራ ድርሻ ነው፤ 0.64 የሚሆነው ሳይብራራ ይቀራል። ክለላውን ማወደስ የሚፈልግ ባለሙያ 18 በመቶ፣ መንቀፍ የሚፈልግ 6 በመቶ ብሎ ከአንድ ሰንጠረዥ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱም በስሌት አልተሳሳቱም። ያጠፉት የጋራውን ድርሻ መደበቃቸው ነው።

ይህ የጋራ ድርሻ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ክለላው በቀጥ ያለ ተራራ ላይ በተለየ ሁኔታ ይሠራል ማለት አይደለም፤ እንዲያ ያለው መስተጋብር በራሱ ተለዋዋጭ ሆኖ ወደ ሞዴሉ መግባት አለበት። የጋራ ድርሻ ማለት መረጃው ለአንዱ ወይም ለሌላው ሊሰጠው ያልቻለ ልዩነት ማለት ብቻ ነው። በቀጥታ የተገኘ ሳይሆን በመቀነስ የተሰላ በመሆኑ የራሱ የፍተሻ ዘዴ የለውም፤ ከዜሮ በታችም ሊወርድ ይችላል። ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ሲያዩ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብለው የሚደነግጡ ተማሪዎች አሉ። በወሎ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ቢገኝ ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው እሱ ነው። ክለላው ብቻውን 0.05፣ የመሬቱ ሁኔታ ብቻውን 0.25፣ ሁለቱ በአንድነት 0.34 ቢያብራሩ የክለላው የግል ድርሻ 0.09 ይሆናል፣ ብቻውን ሲታይ ከነበረው ይበልጣል ማለት ነው፤ የጋራውም 0.04 ከዜሮ በታች ይወርዳል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ክለላው የተሰጠው ለተጎዳው ተራራ ስለነበረ ገና ከመነሻው ወደ ኋላ የቀረ ነበር፣ የመሬቱ ሁኔታ ሲስተካከል ግን ያስገኘው ለውጥ ይታያል። የተከለለውንና ያልተከለለውን በአማካይ ብቻ አነጻጽሮ "ብዙም ልዩነት የለም" የሚል ሪፖርት ይህን ሳያይ ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁጥሮቹ ሊስተካከሉ ይገባል። አር-ስኩዌር የሚባለው፣ ሞዴሉ ያብራራው የልዩነት ድርሻ፣ ካልተስተካከለ ምንም ትርጉም የሌለው ተለዋዋጭ ሲጨመርበትም ከፍ ይላል። በ40 ፕሎቶች ላይ ከዕፅዋቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው 10 ተለዋዋጮች ቢገቡ በአማካይ 10 ሲካፈል ለ39፣ ማለትም ሩብ የሚያህለውን ልዩነት "ያብራራሉ"። ለዚህ ነው ፔሬስ-ኔቶና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ክፍፍሉ በተስተካከለው አር-ስኩዌር መሠራት እንዳለበት ያሳዩት። በዚያው በ40 ፕሎትና በ10 ተለዋዋጮች የተገኘ 0.40 ሲስተካከል 0.19 ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ጠፋ ማለት ነው። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ቪጋን የተባለው ጥቅል ቫርፓርት በሚለው ትእዛዙ የተስተካከለውን ስለሚሰጥ ተጠቃሚው ከሌላ ሶፍትዌር ከመጣ ቁጥር ጋር ሳይጠነቀቅ ሊያወዳድረው አይገባም።

የቦታ አቀማመጥ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ጎረቤት ፕሎቶች ይመሳሰላሉ፤ የወይራን ፍሬ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ታደርሰዋለች፣ ፍየሎቹም የአንድ መንደር ናቸው። ይህን ለመቆጣጠር በፕሎቶች መካከል ካለው ርቀት የሚወጡና የፕሎቶቹን አቀማመጥ ከሰፊ እስከ ጠባብ በቁጥር የሚወክሉ የሞራን ኢገንቬክተሮች እንደ ተለዋዋጭ ይገባሉ። ዘዴው ጥሩ ሆኖ ሳለ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለ ልጓም ቢለቀቅ ክለላውን ራሱን ይበላዋል። ክለላው በአንድ ተራራ ውስጥ ከፕሎት ወደ ፕሎት አይለዋወጥም፤ ተራራው በሙሉ ተከልሏል ወይም አልተከለለም። ስለዚህ ተራራን ከተራራ የሚለዩት ሰፋፊዎቹ የቦታ ተለዋዋጮች ክለላውን ሙሉ በሙሉ ሊተነብዩት ይችላሉ፣ የክለላው የግል ድርሻም ወደ ዜሮ ይጠጋል።

እዚህ ላይ የሚመጣው ትልቁ ጉዳይ የድግግሞሽ ነው፤ ኸርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 ሐሰተኛ ድግግሞሽ ብለው የነቀፉት ማለት ነው። ከሦስት የተከለሉና ከሦስት ያልተከለሉ ተራሮች ላይ በእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ፕሎት የወሰደ ሰው 120 ፕሎት አለው፤ ለክለላው ጥያቄ ግን ያለው ናሙና ስድስት ነው። ፕሎቶቹን እንደ ልብ እያዘዋወረ የሚፈትን ፐርሙቴሽን 120 ነፃ ምስክር እንዳለ ስለሚቆጥር እጅግ ትንሽ የፒ ዋጋ (ክለላው ውጤት ባይኖረው ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ይሰጣል፤ ይህም ሐሰተኛ ማረጋገጫ ነው። ትክክለኛው መዘዋወር ሙሉ ተራራውን ከነፕሎቶቹ ማዘዋወር ነው። ስድስት ተራራን ሦስት በሦስት የመደልደያው መንገድ 20 ብቻ ነው፤ የሁለቱ ቡድኖች ስም ቢቀያየር መለኪያው ስለማይለወጥ ሊገኝ የሚችለው ዝቅተኛ የፒ ዋጋ 2 ሲካፈል ለ20፣ ማለትም 0.10 ይሆናል። ልዩነቱ የቱንም ያህል ጎልቶ ቢታይ የተለመደውን የ0.05 ደረጃ አይሻገርም። አራት በአራት ሲሆን የመደልደያው መንገድ 70 ስለሚደርስ ዝቅተኛው 0.029 ገደማ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሩ የተከለለና ያልተከለለ ተራሮች በጥንድ ከተወሰዱ አምስት ጥንድ 0.0625፣ ስድስት ጥንድ 0.031 ይሰጣል። ጊዜና በጀት የተወሰነ ከሆነ በስድስት ጥንድ ተራሮች ላይ በየተራራው አምስት ፕሎት ማውጣት በሦስት ጥንድ ላይ አሥር አሥር ከማውጣት ይሻላል፤ የፕሎቱ ቁጥር በሁለቱም 60 ነው። የመስክ ቡድኖች ይህን አይወዱትም፣ ምክንያታቸውም ይገባኛል፤ ሌላ ተራራ ማለት ሌላ ቀበሌ፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ዳገት ነው።

ሳይብራራ የሚቀረው ድርሻ ብዙ መሆኑ የሚያስደነግጥ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት መረጃ ግማሹና ከዚያም በላይ ሳይብራራ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ኤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስገነዘቡት ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ሞዴሉ ከዝርያዎቹ ባሕርይ ጋር ባለመግጠሙ የሚመጣ ስለሆነ ሁሉንም የአጋጣሚ ውጤት አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

ወደ አመራረጡ ችግር ስንመለስ፣ የወሎ ታሪክ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ዕድል ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተከልለው በ1983 ዓ.ም. የተከፈቱት ተራሮች የተመረጡት እስካሁን ተከልለው ከቆዩት ጋር በአንድ መስፈርት ነው። ሁለቱም ቀጥ ያሉ፣ ሁለቱም የተጎዱ፣ ሁለቱም እርከን የተሠራባቸው ናቸው። ንጽጽሩ በእነዚህ መካከል ቢደረግ ለመጀመሪያው ምርጫ የሚሰጠው የጋራ ድርሻ በእጅጉ እንዲጠብ ይጠበቃል። ፈጽሞ አይጠፋም፤ የትኛው ማኅበረሰብ ክለላውን አስቀጠለ የሚለው ራሱ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከመንደር የራቀው ተራራ ለመጠበቅ ይከብዳል፣ የቀረበው ደግሞ ለማገዶ ይፈለጋል። ስለዚህ ከመንደር ያለው ርቀት በዚህ ንጽጽር ውስጥ ቀጥተኛ መስመር ብቻ ሆኖ እንዲገባ መተው አያዋጣም፤ በመካከለኛ ርቀት ያለው ከሁለቱም ጫፎች ሊለይ ስለሚችል የርቀቱ ካሬም (ርቀቱ በራሱ ሲባዛ) አብሮ መግባት አለበት።

ሁለተኛው መፍትሔ ከላይ የተጠቀሱት የአየር ፎቶግራፎች ናቸው። የ1958ቱ ፎቶግራፍ ከዘመቻው በፊት የተነሣ በመሆኑ እያንዳንዱ ተራራ ከመከለሉ በፊት ምን ያህል ሽፋን እንደ ነበረው ያሳያል፤ ይህ ቁጥር እንደ ገላጭ ተለዋዋጭ ሲገባ ክለላው የሚመዘነው በተነሣበት ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። የቀድሞ ፎቶግራፍ ከዛሬ የጂፒኤስ ነጥብ ጋር ሲገጣጠም፣ በተለይ በገደላማ ቦታ፣ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር መዛነፍ ስለሚኖር ከ20 ሜትር ካሬ ጋር አንድ ለአንድ ማገናኘት አይቻልም፤ በፕሎቱ ዙሪያ የሰፋ ክብ ወስዶ የሽፋኑን አማካይ ማስገባት ይሻላል። የ1986ቱ ፎቶግራፍ ጥራቱ የተሻለ ቢሆንም እንኳ እንደ መነሻ ሊያገለግል አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ተራሮች ተከልለው ሊሆኑ ስለሚችሉ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሽፋን ክለላው ያመጣውን ለውጥ በከፊል ይይዛል፣ እሱን መቆጣጠርም ሊለካ የተፈለገውን ውጤት ራሱን ከሞዴሉ ማውጣት ይሆናል።